ራሱን ጠይቄ

አገሩ ማሻ ነው። ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ሲሉ፣ ደጋው ወደ ዓባይ ማዘቅዘቅ ሲጀምር፣ ብርዱ ከትከሻ ላይ ትንሽ ቀለል የሚልበት ወገብ አለ። እዚያ ወገብ ላይ አንድ አባወራ ነበር። ሞተ። ሚስትና ሁለት ወንዶች ልጆች ተወ፤ ሁለት በሬ ተወ፤ ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ግማሽ ጥማድ የምትሆን የጥቁር አዝሙድ ማሳ ተወ።

ልጆቹ በሬዎቹን አንድ አንድ ተካፈሉ። በአንድ በሬ አይታረስምና በማግሥቱ የተካፈሉትን መልሰው መቀናጆ ገቡ። የእህሉን ጎታ ተካፈሉ፣ በጎቹን ተካፈሉ፣ የአባታቸውን ጋቢ እንኳ ሊተረትሩት ምንም አልቀራቸው። የአዝሙዷን ማሳ ግን አልነኳትም። አባታቸው አፉ ሳይያዝ፣ "እሷን አትሸንሽኗት፤ ሁለት ብትሆን ለበሬ መዞሪያም አትበቃ" ብሏቸው ነበር።

ታላቁ ረጅም ነው፤ ቆሞ ሲሄድ የሰው አጥር አሻግሮ ያያል። ታናሹ አጭር ነው፤ ደግሞም ነገር ሲያስብ ቁጢጥ ብሎ መሬቱን በጭራሮ መጫር ይወዳል። ይሄን ለምን እንደነገርኳችሁ ወደ ኋላ ይታያል።

ቡሄ አለፈ። ጥቁር አዝሙድ ውሃ በሚተኛበት መሬት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ክረምቱ ጓዙን ጠቅልሎ ሊወጣ በሩ ላይ ሲቆም ነው የሚዘራው። ወንድማማቾቹ አራት ጊዜ አረሱ፤ ጓሉን በእጃቸው ፈረፈሩ። ዘሩ ደቃቅ ነው፤ እንዲሁ ቢበትኑት አንዱ ጋ ይከመራል፣ ሌላው ጋ ይራቆታል። ከደረቅ አፈር ጋር ቀላቅለው በተኑት። ከዚያ ቅጠሉ ያልረገፈ ቅርንጫፍ ከላይ ከላይ ጎትተው አፈር አለበሱት፤ ስስ አፈር፣ እንደ ሻሽ።

እንግዲህ መጠበቅ ነው። ሳምንት ሞላው፤ ምንም። ዘጠኝ ቀን፣ ዐሥር ቀን፤ ምንም። ታናሹ አላስችል አለው። ቁጢጥ ብሎ በጣቱ አፈሩን ገለጥ አድርጎ አየ። በማግሥቱም መጥቶ ገለጠ። እናቱ ከጓሮ በር ላይ ሆና ታየው ነበር።

"ልጄ፣ ይሄ ዘር ጨለማ ይወዳል። ሸፍነው።"

ሸፈነው። ሁለት ሳምንት ሲሞላው እንደ ሕፃን ጠጉር የሳሳ አረንጓዴ ማሳውን አለበሰው። ታናሹ የገላለጣት ቦታ ብቻ ራሰ በራ ሆና ቀረች።

አዝሙድ ዘገምተኛ ነው፣ አረም ፈጣን ነው። አንድ እሑድ ሲያልፍ አረሙ ቀድሞ ወገቡን ይዞ ይቆማል። ታላቁ አጎንብሶ ማረም ወገቡን አመመው፤ ቆም ብሎ በእጁ እየጨበጠ ሲነቅል አረሙንም አዝሙዱንም አንድ ላይ አወጣው። ደንገጥ ብሎ አዝሙዱን መልሶ ቀበረው፤ አፈሩንም በተረከዙ ጠቅጠቅ አደረገለት። ለሦስት ቀን ቆሞ ነበር። በአራተኛው ተኛ። የዚህ ተክል ሥር አንዴ ከቦታው ከተነሣ ሌላ ቦታ አይለምድም። እናቲቱ ይሄንንም አይታለች፤ አንድ ጊዜ "አዬ" አለችና አመድ ልትደፋ ሄደች።

ኅዳር ገባ፣ ማሳው አበበ። ቁመቱ ቢበዛ አንድ ክንድ ነው፤ ቅጠሉ እንደ እንስላል የተተረተረ። አበባው ነጭ ነው እንዳይባል ሰማይ ሰማይ ይላል፤ ሰማያዊ ነው እንዳይባል ወተት የገባበት ይመስላል። የጎረቤት ንብ ከማለዳ እስከ ማታ እዚያው ዋለ። ወንድማማቾቹ አመሻሽ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ማሳቸውን ሲያዩ ከአባታቸው ሞት ወዲህ አብረው የሳቁት በዚያ ሰሞን ነው ይባላል። ቆንጆ ነገር ለጊዜው ያስማማል።

ከዚያ አበባው ረግፎ ፍሬ ያዘ። ራስ ይሉታል፤ ትንሽ ፊኛ መስሎ የሚነፋ፣ አናቱ ላይ ቀንድ ቀንድ የሚያወጣ። ውስጡ በክፍል በክፍል ነው፤ ፍሬው ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ላዩ ከሰል ውስጡ ነጭ። አንድ ዐመል አለው ታዲያ። እንደ ጤፍ ማሳው ሁሉ አንድ ቀን አይደርስም። መካከለኛው ግንድ ላይ ያለው ራስ ቀድሞ ያብባል፣ ቀድሞ ይደርቃል፤ ከጎንና ከታች ያሉት ቅርንጫፎች ተከታይ ናቸው። ስለዚህ በአንድ እግር ላይ፣ ላዩ ሽማግሌ ሆኖ ታቹ ገና ጎረምሳ ነው። የደረቀው ራስ ደግሞ ባለቤቱን አይጠብቅም። አናቱ ይከፈታል፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው ፍሬውን ያፈሰዋል፤ ጥቁሩ ፍሬ ጥቁሩ አፈር ላይ ከወደቀ በኋላ ለቃሚ የለውም።

ገና ዋለ። ጥር 1 ቀን ታላቁ ወደ ማሳው ገባ፤ ቆመ፣ አሻግሮ አየ። ማሳው ከላይ ሲታይ ቡናማ ለብሷል። አንድ ራስ ቀንጥሶ በመዳፉ ይዞ ወጣ።

"ደርሷል" አለ። "ነገ እናጭዳለን።"

ታናሹም ገባ፤ ቁጢጥ አለ። ከታች ወደ ላይ ሲታይ ማሳው አረንጓዴ ነው። እሱም አንድ ራስ ቀንጥሶ በመዳፉ ይዞ ወጣ።

"አልደረሰም፣ አያ" አለ። "ወሩ ይውጣለት።"

"አንተ ልጅ፣ ዓይን የለህም? ይኸው ደረቀ!"

"ዓይንስ ያለኝ እኔ ነኝ። ይኸው እሸት!"

መዳፍ ለመዳፍ ተያዩ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ነገሩ መዳፍ ላይ ያለ ማስረጃ ስለሆነ ማንም ሊያስለቅቃቸው አልቻለም። ቃል ቃልን ወለደ፤ የበሬውም ነገር ተነሣ፣ የጋቢውም ነገር ተነሣ። በመጨረሻ ተማማሉ። ሽማግሌ ሳይፈርድ ከሁለታችን እግሩ ማሳዋን የረገጠ፣ የአባታችን አጥንት ይውጋው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማሳውን የሚያይ ጠፋ። ታላቁ ከደጁ ተቀምጦ የታናሹን በር ያያል፤ ታናሹም ከደጁ ተቀምጦ የታላቁን በር ያያል።

ሽማግሌ ተቆረጠ። ወሎ ነውና ቄሱና ሼሁ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሦስተኛው ደግሞ በሸንጎ ላይ በማንቀላፋት የታወቀ አንድ አዛውንት ነበር፤ ለምን እንደሚመርጡት የሚያውቅ የለም፣ ግን ሁልጊዜ ይመርጡታል። ወይራው ሥር ተሰበሰቡ። ታላቁ አቤቱታውን አሰማ፤ ታናሹ መልሱን አሰማ። ሁለቱም አምጥተው ራሱን ሽማግሎቹ ፊት አስቀመጡ፤ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ አረንጓዴ።

ቄሱ አረንጓዴውን አንሥቶ አገላበጠው። "ይህ እኮ ቀላል ተክል አይደለም" አለ። "ነቢዩ ኢሳይያስ በ28ኛው ምዕራፍ ላይ ገበሬውን ሲያነሣ ስሙን ይጠራዋል። እንደ ሌላው እህል በማሄጃ አይወቃም፤ በበትር ነው የሚመታ።"

ሼሁም ቡናማውን አንሥቶ አሸተተ። "ልክ ነው። በእኛም ሐዲስ ነቢያችን ይህን ፍሬ ከሞት በስተቀር ለሁሉ ፈውስ አለው ማለታቸው ተጽፏል።"

"እንዴት ያለ ነገር ነው!"

"ሱብሐነላህ!"

ሁለቱ ሊቃውንት በነገሩ ደስ ተሰኙ። ቄሱ ከኢሳይያስ ወደ ሌላ ነቢይ ተሻገረ፤ ሼሁም ከአንዱ ሐዲስ ወደ ሌላው። ሰዉ እንዲህ ያለ ጨዋታ ከሰማ ቆይቶ ነበርና ማንም ሊነሣ አልወደደም። ጀምበር አዘቀዘቀች። ነገሩ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። በዚያች ከሰዓት በኋላ ከወደ ዓባይ የሚመጣው ነፋስ ማሳው ላይ ምን እንዳደረገ ግን በጨዋታው መሃል የተነሣ የለም።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሽማግሎቹ "ነገሩን በዓይናችን እንይ" አሉ። ተገቢ ነው። በእኩለ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ሦስቱ ሽማግሎችና ሰባት ታዛቢዎች ማሳው ገቡ። ወንድማማቾቹ መሐላ አለባቸውና ከዳር ቆሙ። የቄሱ የጋቢ ዘርፍ በግራ፣ የሼሁ ጀለቢያ በቀኝ፣ የሰባቱ ታዛቢዎች ባትና ጉልበት በመሃል፣ ራሱን እየጠራረገ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አካለለው።

አንቀላፊው አዛውንት ቆም አለ። "ይሰማችኋል?"

"ምኑ?"

"የሚንሿሿው። እንደ ጸናጽል።"

"ነፋስ ነው" አሉት። ነፋስ ግን አልነበረም፤ በዚያ ቀን ቅጠል አይንቀሳቀስም ነበር።

ከመካከል አንድ እግር ነቅለው ጥላ ሥር ይዘውት መጡ። ታላቁ ላዩን ጠቆመ፣ ታናሹ ታቹን ጠቆመ። ሽማግሎቹ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

"ሁለቱም ልክ ናቸው" አለ ቄሱ።

"ችግሩ እሱ ነው" አለ ሼሁ።

ቄሱን ፀሐዩ ራሱን በጠሰው። ግንባሩን ይዞ ሲቃትት እናቲቱ ከቤት ወጣች፤ በጨርቅ የተቋጠረች ትንሽ ነገር በእጁ አኖረችለት። መዳፉ ላይ አሻሸት፤ በአንዱ አፍንጫው ሳበ፣ በሌላውም ሳበ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ አነጠሰው፣ ቀለለው። "እግዜር ይስጥሽ" አላት። የተቋጠረው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ አገሩ ሁሉ ለራስ ምታት የሚምገው ጥቁር አዝሙድ ነው። ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ጥምቀት ደርሶ ስለነበር ነገሩ ከበዓል ወዲያ ተቀጠረ።

እናቲቱን እስካሁን የጠየቃት የለም። አልማለችም፤ የሚያስምላትም አልነበረም።

ዶሮ ለሁለተኛ ጊዜ ጮሆ፣ ሰማዩ ገና አመድ ሲመስል ትነሣለች። በጥር የማሻ ብርድ ጥርስ አለው። አሮጌ ነጠላዋን አጥፋ በብብቷ ትይዛለች፤ ባዶ እግሯን በጓሮ በር ትወጣለች። ማሳው ጤዛ ጠጥቶ ዝም ብሏል። በእኩለ ቀን እንደ ጸናጽል የሚንሿሿው ራስ በዚያ ሰዓት ድምፅ የለውም፤ ርሶ፣ ለስልሶ፣ አፉን ገጥሞ ነው የሚገኘው።

ነጠላዋን ከእግሩ ሥር ትዘረጋለች። በግራ እጇ ግንዱን ትይዛለች፣ እንዳይነቃነቅ፤ በቀኝ እጇ ራሱን ወደ ነጠላው ዘንበል ታደርገዋለች። ከዚያ በአውራ ጣቷና በጠቋሚዋ መሃል ያዝ አድርጋ ትዳስሰዋለች፤ የሕፃን ጉንጭ እንደሚነካ ሰው ነው አነካኳ። የመነኩሴ ቀሚስ የመሰለውን በጥፍሯ ቀንጠስ አድርጋ ነጠላው ላይ ትጥላለች። አረንጓዴውን ከነቅርንጫፉ ቀና አድርጋ ትተወዋለች። አንዳንዱ ደግሞ ቢጫነት ጀምሮ ያልጨረሰ ነው። እሱን ታየዋለች፤ "ነገ" ትለዋለች፤ ታልፋለች። በማግሥቱ በዚያው ቦታ ትቆማለች፤ ከደረሰ ትወስደዋለች፣ ካልደረሰ "ነገ" ትለዋለች።

እንዲህ እያለች መስመር ለመስመር ትሄዳለች። ከማዶ ያለው ሸንተረር ጫፉ ሲቀላ ነጠላዋን በአራት ጫፉ ቋጥራ ቤቷ ገብታለች። የለቀመችውን ጎታው ጀርባ ጥላ ውስጥ ሰሌን ላይ ታሰጣዋለች። ሲደርቅላት፣ ማታ ማታ ሰው ሲተኛ፣ በቀጭን የወይራ በትር ጠቅ ጠቅ ታደርገዋለች። ኢሳይያስን አላነበበችም፤ ማንበብም አትችልም።

የታላቁ ሚስት አንድ ማለዳ እሳት ልትለምን መጥታ አየቻት።

"እማማ፣ ቀሚስዎ እስከ ጉልበትዎ ርሷል። ምን አረጠበዎት?"

"ጤዛ ነዋ።"

"ከየት ያለ ጤዛ?"

"ከላይ የሚወርድ።"

ልጅቷ ሳቀች፤ እሳቷን ይዛ ሄደች።

የአስተርእዮ ማርያም በዓል ካለፈ በኋላ፣ ጥር 26 ቀን፣ ሽማግሎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰበሰቡ። ነፋስ ስለበረታ ከወይራው ሥር ወደ እናቲቱ ቤት ገቡ። ቄጠማ ተጎዘጎዘ፣ ቡና ተፈላ፣ ድፎ ዳቦ ቀረበ። ቄሱ ባረከ፣ ሼሁ ዱዓ አደረገ፤ አሜንና አሚን አንድ ላይ ተባለ። ተቆረሰ።

ታላቁ ነገሩን ከሥር ጀመረ። ታናሹም ከሥር ጀመረ። ቄሱ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሼሁ ጢሙን ይዳብሳል። አንቀላፊው አዛውንት ዓይኑን ጨፍኖ ያላምጣል። የቀሩት ጥርሶች ጥቂት ናቸውና ቀስ ብሎ ነው የሚያላምጠው። በድንገት ማላመጡን አቆመ። ጣቱን አፉ ውስጥ ሰዶ ከሁለት ጥርሶቹ መሃል አንዲት ጥቁር ነገር አወጣ፤ መዳፉ ላይ አኖራት፤ በጥፍሩ ሰነጠቃት። ውስጧ ነጭ ነው። አሸተታት።

"ይህች ያምና አይደለችም" አለ።

ሰዉ ዝም አለ።

"ያምናው ሽታው ይደክማል። ይህች ከአሥራ አምስት ቀን ወዲህ ነው ከራሷ የወጣች።"

ሁሉም ዳቦውን አየ። ላዩ ላይ ጥቁር አዝሙዱ እንደ ሌሊት ኮከብ ተበትኖበታል። ግማሹን በልተውታል።

ታላቁ ብድግ አለ። "አጭደሃል!" አለ ወደ ታናሹ።

"አንተ ነህ እንጂ ያጨድክ! ለካ ሌሊት ሌሊት…"

"የአባታችን አጥንት ይውጋህ!"

"አንተን ይውጋህ!"

ዱላ ተፈለገ። ደግነቱ ዱላው ሁሉ ከደጅ ተትቶ ነበር። እናቲቱ ጀበናዋን አዘንብላ አቦሉን ከመቅዳት አላቋረጠችም። የመጨረሻውን ሲኒ ሞልታ ጀበናውን መቀመጫው ላይ ስታኖር፣ ተነሣችና ከጎታው ጀርባ እንቅብ አውጥታ በመሃላቸው አስቀመጠች። እንቅቡ ውስጥ የነበረው ጥቁር ነገር እንደ ውሃ ዘንበል ብሎ ረጋ።

"እማዬ!" አለ ታላቁ። "እኛ ተማምለን የተቀመጥንበትን ማሳ?"

"የማላችሁ እናንተ።"

"ማንን ጠይቀሽ ነው የለቀምሽው?"

"ራሱን ጠይቄ።"

"ራሱን?" አለ ታናሹ፤ ወደ ወንድሙ እየጠቆመ። "እሱን? እሱ ፈቀደልሽ?"

"እኔን አልጠየቀችኝም!" አለ ታላቁ።

እናቲቱ ከእንቅቡ ዳር የቀረ፣ ፍሬውን ያፈሰሰ፣ ባለ ቀንድ ባዶ ራስ አነሣችና አዛውንቱ መዳፍ ላይ አኖረችው። አዛውንቱ አየው። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሆዱ፤ ከዚያ እስኪያነባ ሳቀ። ሌሎቹ ምን እንዳሳቀው አልገባቸውም። ቄሱ ትንሽ ቆይቶ ገባው። ሼሁ ከእሱ ቀጥሎ።

ፍርዱ የተሰጠው በዚያው ቀን ነው፦ የቀረው ነገ በጤዛ ይታጨድ። በጤዛ ታጨደ። ገለባው ብዙ ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ፤ ሒሳብ የማይወድ ይዝለለው። የእናቲቱ እንቅብ በኋላ በሚዛን ስድስት ኪሎ ሆነ። ጥቁር አዝሙድ ደቃቅ ነው፤ አንድ ግራም ለመሙላት 400 ያህል ፍሬ ይፈልጋል። ደህና የያዘ ራስ ስድሳ ሰባ ፍሬ ቢሰጥ፣ አንዲት ግራም የስድስት ራስ ልጅ ናት። ኪሎው የ6000 ራስ ነው፤ እንቅቡ የ36,000። ከጥር 2 እስከ ጥር 25 ካሉት ንጋቶች እሑዱን፣ ጥምቀትን፣ ቃና ዘገሊላንና ማርያምን ስናወጣ 18 ንጋት ይቀራል። በያንዳንዱ ንጋት 2000 ጊዜ ጎንበስ፣ 2000 ጊዜ ዳሰስ ማለት ነው። "ነገ" ብላ ያለፈቻቸውን አልቆጠርኩም።

በዚያው ጊዜ ውስጥ በወይራው ሥርና በቤቷ ሦስት ሸንጎ ተደርጓል፤ ሁለት መጻሕፍት ተጠቅሰዋል፤ አንድ ማሳ ተጎብኝቷል። ሽማግሎቹን አላማቸውም። ለተጣላ ሰው ሽማግሌ ያስፈልገዋል፤ ቄሱም ሼሁም የጠቀሱት እውነት ነው፤ ነገሩን በዓይን ማየትም ነውር የለበትም። ወንድማማቾቹንም ውሸታም ያላቸው የለም። የግብርና ባለሙያ ቢጠየቅ እንኳ ሁለቱንም ይደግፋል፦ ሁሉም እስኪደርቅ አትጠብቅ ይልሃል፣ ሁሉም እሸት ሳለ አትጨድ ይልሃል፣ ማለዳ ግባ ይልሃል። ሦስተኛውን የሚሰማ ጥቂት ነው፤ ማለዳ ይበርዳላ።

ይህን ነገር ደሴ ላይ ለጥቂት ሰዎች ስነግር አንዱ "ታዲያ ያሸነፈው ታላቁ ነው ታናሹ?" ሲል ጠየቀኝ። ሌላው ስለ መሥሪያ ቤቱ የተናገርኩ መስሎት ተቀየመ። ሦስተኛው እናቱ ትዝ አለችው መሰል፣ ቡናውን ሳይጨርስ ወጣ። እኔ ለማናቸውም አልመለስኩም። የማሳው ባለቤት እኔ አይደለሁም።

ቀሪው አጭር ነው።

ክረምት ገባ። ያችን ማሳ ገና ማንም አላረሳትም፤ ማንም አልዘራባትም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ጋብ ባለ አንድ ማለዳ፣ ታላቁ ከደጁ ሆኖ አሻግሮ ሲያይ ማሳው አረንጓዴ መስመር መስመር ሠርቷል። ቀረብ ብሎ አየ። ወፍ ዘራሽ ነው፤ እንደ ሕፃን ጠጉር የሳሳ አዝሙድ። ከሁሉ የጠናበት ቦታ ደግሞ እንደ መንገድ ከዳር እስከ ዳር የሄደው ነው፤ አንዱ መስመር በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ መሃሉ ሰፋ ያለ፣ ልክ ቄሱ፣ ሼሁና ሰባቱ ታዛቢዎች ያለፉበት።

ታናሹም መጣ። ቁጢጥ አለ።

"ይገልበጥ" አለ ታላቁ። "ያለ ወቅቱ የበቀለ ነው፤ ውሃው ያበሰብሰዋል።"

"ይቆይ፣ አያ" አለ ታናሹ። "ተዳፋቱ ላይ ያለው ይተርፋል።"

ታላቁ አንዷን ነቅሎ በመዳፉ ያዘ። ታናሹ አንዷን ነቅሎ በመዳፉ ያዘ። ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም በመዳፋቸው ያለውን ጣሉና፣ ምንም ሳይባባሉ፣ ወደ እናታቸው ቤት መንገድ ጀመሩ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ነጠላዋ ከተሰቀለበት ችካል ላይ የለም። ከጓሮ በሩ ጀምሮ ወደ ተዳፋቱ የሚወርድ የባዶ እግር ዱካ በጭቃው ላይ ታትሟል፤ ውሃ እንኳ ገና አልሞላበትም።